የሸምበቆ ምላስ

የእህቴ ልጅ ከትንሿ ሣጥን ያወጣሁለትን ሪድ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው። ጫፉ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ የጭረቶቹ መስመር አንድ በአንድ ይታያል። አገላብጦ ሲያየው ቆየና «ጋሼ፣ ይሄ'ኮ ሸምበቆ ነው» አለኝ።

አልተሳሳተም። ጎጃም፣ ፈረስ ቤት ላይ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ባልለቀቀበት ጠዋት፣ ኦርኬስትራ በአካል አይቶ የማያውቅ ልጅ ያችን ቁራጭ በአንዴ ለያት። ዋሽንት የለመደው ከብት ሲጠብቅ ነው፤ አሁን 10ኛ ክፍል ደርሷል። ፍኖተ ሰላም ያለ ጓደኛው አንድ ቪዲዮ በስልክ ልኮለት ነበር፤ መቶ ከሚሆኑ ሙዚቀኞች መካከል አንድ ጥቁር ሰው ረጅም ጥቁር መሣሪያ ይዞ ብቻውን ሲጫወት፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ሲጠብቁት ያሳያል። እኔ ክላርኔት ተምሬ በማስተማር የምኖር ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ እኔ መጣ። ይሄ ምንድን ነው? እንዴት ይለመዳል? ደግሞስ እንጀራ ይሆናል? የዕረፍት ሳምንቴ ሦስቱን ለመመለስ አልበቃኝም፤ ስለዚህ በወጉ ልጽፈው ተነሣሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከዕቃው ልጀምር። ዋሽንት ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። ነፊው ትንፋሹን በዋሽንቱ አፍ ጠርዝ ላይ ያሾልካል፤ ትንፋሹ በጠርዙ ሲከፈል ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የሚወለደው ከዚያ ነው። ክላርኔት ግን የሚነፋበት ወገን ዝግ ነው። ተጫዋቾች ማውዝፒስ በሚሉት አፉ ላይ ሪዱ፣ ያ ልጁ ያየው የሸምበቆ ቁራጭ፣ በማሰሪያ ይታሰራል። ተጫዋቹ የታችኛውን ከንፈሩን በጥርሱ ላይ አጠፍ አድርጎ ሪዱን ያስደግፍበታል፤ የላይኛው ጥርሱ ከላይ ያርፋል። ሲነፋ ሪዱ በሰከንድ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ከፈት ዘጋ ይላል። ሰው ያለ ምላስ እንደማይናገር ክላርኔትም ያለ ሪድ አይናገርም።

ልጁ ስሙን ሳያውቅ የሚያውቀው አንድ ምስጢር አለ። ዋሽንቱን ይዞ፣ ጣቱን ሳያነሣ፣ ትንፋሹን ጠበቅ ቢያደርገው ያው ድምፅ ራሱ ከፍ ብሎ ይመጣል። ሙዚቀኛ ይህን ኦክታቭ ይለዋል፤ አባትና ትንሽ ልጁ አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ በሁለቱ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው። የንዝረቱ ቁጥር በትክክል እጥፍ ይሆናል። በክላርኔት ይህ አይሠራም። አንድ ወገኑ የተዘጋ፣ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ የማይለወጥ ቱቦ እጥፉን አይቀበልም፤ ትንፋሹ ሲጠብቅ ዘሎ ወደ ሦስት እጥፉ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ጣት አያያዝ ታች የሚሰማው ድምፅና ላይ የሚሰማው ድምፅ የተለያየ ስም አላቸው። ዋሽንት ተጫዋች አንድ ኦክታቭ ሄዶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ክላርኔት ተጫዋች ግን ዝላዩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ድምፆቹን ሁሉ ቢቆጥር 19 ያህል ደረጃ መሙላት አለበት። የቀኝ እጁ አውራ ጣት መሣሪያውን ለመሸከም ሲውል የሚቀሩት ጣቶች 9 ናቸው። በ9 ጣት 19 ደረጃ አይሞላም። በክላርኔት አካል ላይ ያ ሁሉ የብረት ቁልፍ የተደረደረው ለዚህ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ዓይነት 17 ቁልፍ አለው።

ሌላም አለ። የኦርኬስትራ ፍሉትና ተራው ክላርኔት በርዝመት እኩል ሊባሉ የሚችሉ ናቸው፤ ሁለቱም ከ65 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋሉ። ክላርኔቱ ግን ወደ አንድ ኦክታቭ በሚጠጋ ርቀት ዝቅ ብሎ ይጫወታል። ምክንያቱ ያው የተዘጋው ጫፍ ነው። ልጁ ይህን እንዲያምነኝ ዋሽንቱን ተቀብዬ የላይኛውን ጫፍ በመዳፌ ዘጋሁና ታችኛውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት፤ ከዚያ መዳፌን አንሥቼ ደገምኩት። የተዘጋው ሲሆን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማ። ከሁሉ ማብራሪያዬ ይልቅ የገባው ያ ነው።

ክላርኔትን የሠራው ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የተባለ የኑረምበርግ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑ ወደ 1700 ገደማ ነው። ከእርሱ በፊት ሻሉሞ የምትባል ትንሽ ባለሪድ መሣሪያ ነበረች፤ ታች ታቹን ደህና ትዘፍናለች፤ ወደ ላይ መዝለል ግን አትችልም። ዝላዩን የሚከፍተው ቁልፍ ሲጨመር ሁለተኛው ፎቅ ተገኘ። የታችኛው ክፍል እስከ ዛሬ በአሮጌዋ መሣሪያ ስም ሻሉሞ ይባላል፤ ጥቁርና ወፍራም ድምፅ ነው፤ ለኔ ጆሮ ከበገና ጋር የሚዛመድ። ከ1839 እስከ 1843 ባሉት ዓመታት ፓሪስ ላይ ያሳንት ክሎዜ የተባለ ተጫዋችና ቡፌ የተባለ ሠሪ ቁልፎቹን እንደገና አደራጁ። ይህ አደረጃጀት ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት ነው። ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን ግን የራሳቸውን ይዘው ቀሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አካሉ የሚሠራው እንደ ብረት ከሚከብድ ጥቁር እንጨት ነው። በስዋሂሊ ምፒንጎ ይሉታል፤ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ በብዛት ይወጣል፤ በእኛም አገር ቆላ ይበቅላል። እንግዲህ አካሉ የአፍሪካ ነው፤ ምላሱም ለእኛ ባዳ አይደለም። የታወቀው የሪድ ሸምበቆ በደቡብ ፈረንሳይ ቫር በሚባል አገር ይለማል፤ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ይቆረጣል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ጫፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እስኪደርስ ድረስ ይፋቃል። በአንድ ሣጥን 10 ሪድ ይመጣል። ከ10ሩ ለመድረክ የሚታመኑት ሁለት ቢሆኑ፣ ሦስት ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት ለልምምድ ይውላሉ ወይ ይጣላሉ። በዓለም ላይ ስሙ የገነነ ተጫዋች እንኳ ማታ ማታ ሪድ ሲሞርድና ሲፈትሽ ያመሻል። ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አየሩ ሲሳሳና ሲደርቅ ሪዱ ጠባዩን ይለውጣል፤ ትናንት ቆላ የዘፈነው ዛሬ ደጋ ላይ ያንቃል። የመጀመሪያው ክላርኔቴ የተሰነጠቀው እዚሁ ፈረስ ቤት፣ በገና ሰሞን ጠዋት ነው። በብርድ ያደረ እንጨት ውስጥ ትኩስና እርጥብ ትንፋሽ በአንዴ ሲገባ ውስጡ ያብጣል፤ ውጪው አይከተለውም። ብብት ውስጥ አሙቆ መጀመር እንደሚገባ ማንም አልነገረኝም ነበር። ለልጁ መጀመሪያ የነገርኩት ይህን ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር ጎጃም ያለ ሰው ከሌላው ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ። እንዴት ይለመዳል ላለ ሰው የአብነት ትምህርትን ማሳየት ይበቃልና። ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ ከቤቱ ይወጣል። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ይሄዳል። የሚሄደው ወደ ቦታው ብቻ አይደለም፤ ወደ መምህሩ ነው። መምህሩ ከማን እንደተማረ ያውቃል፤ ያም መምህር ከማን እንደተማረ ይቆጠራል። ክላርኔትም እንዲሁ ነው። ተማሪው የትምህርት ቤቱን ስም ከመጠየቁ በፊት «ክላርኔት የሚያስተምረው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻውን መምህሩ ፊት ይቆማል። በዚያች ሰዓት አንዲት መስመር ሃያ ጊዜ ልትደገም ትችላለች። የቀረውን ሳምንት ብቻውን ይቀጽላል። ዐሥር ዓመት እንዲህ ይሄዳል።

የልምምዱ መሠረት ደግሞ ለዓይን የማይሞላ ነገር ነው፤ አንድ ድምፅ ይዞ መቆየት። ከምንም ተነሥቶ፣ ቀስ ብሎ አድጎ፣ ቀስ ብሎ ወደ ምንም መመለስ። ትንፋሹ ከደረት ሳይሆን ከሆድ ይነሣል፤ ጎኑ ይሰፋል እንጂ ትከሻ አይነሣም። ይህን በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት የሚያደርግ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱ ድምፅ ይኖረዋል። የማያደርገው ጣቱ ቢፈጥንም ድምፁ የሁሉም ሰው ድምፅ ነው። ዋሽንት ነፊው ልጅ እዚህ ላይ ብዙ መንገድ ሄዷል። ትንፋሹን ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እየተጋፋው ነው የገራው። ጆሮውም የሰላ ነው፤ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ ሳይነገረው ይለያል።

የሚጎድለው ንባብ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ የራሱ ምልክቶች አሉት፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። እነዚህ ግን የተማረውን ሰው የሚያስታውሱ ናቸው፤ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ብቻ አይቶ አያዜምም። የአውሮፓው ኖታ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ፈጽሞ ሰምቶት የማያውቀውን ሥራ፣ ፈጽሞ አይቷቸው ከማያውቃቸው 90 ሰዎች ጋር፣ በመጀመሪያው ቀን እንዲጫወት ያስችላል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ የተፈጠሩበት ሥራ ይለያያል። ውጭ አገር በክላርኔት ሊኖር የሚፈልግ ሰው ግን ያለ ኖታ ንባብ አንድ እርምጃ አይሄድም። በዚህ ላይ ክላርኔቱ ራሱ ያወናብዳል፤ የተለመደው ክላርኔት ዶ ተብሎ የተጻፈለትን ሲነፋ የሚሰማው ሲ ቤሞል ነው። ሌላ ላ ላይ የተቃኘ ክላርኔትም አለ። የኦርኬስትራ ተጫዋች ሁለቱንም በሣጥን ይዞ ይዞራል፤ በአንድ ሥራ መካከል አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣል። ማውዝፒሱንና ሪዱን ነቅሎ በሌላው ላይ ይተክላል፤ ያ የለመደው ምላስ ከእርሱ ጋር እንዲሄድ።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ። እንጀራ ይሆናል? ይሆናል፤ ግን ልጁ ባሰበው መንገድ አይደለም። እርሱ ያየው መድረኩን ነው። መድረኩ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማስተማር ነው። ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነበር። ሞዛርት በ1791፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ የክላርኔት ኮንቼርቶውን የጻፈው አንቶን ሽታድለር ለሚባል የቪየና ተጫዋች ነው። ሽታድለር ያን ሥራ ይዞ ከአገሩ ወጣ፤ በበርሊን፣ በዋርሶ፣ በሪጋ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ሲጫወት ዓመታት አሳለፈ። ከተመለሰ በኋላ በ1800 አንድ የሃንጋሪ ባላባት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመክፈት አስቦ ምክር ቢጠይቀው ዝርዝር ዕቅድ ጽፎ ሰጠው። እንዲህ ያለ ሥራ የተጻፈለት ታላቅ ተጫዋች እንኳ ዞሮ ዞሮ ስለ ማስተማር ማሰቡ አልቀረም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። መቶ የሚጠጋ ሰው ባለው ኦርኬስትራ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቫዮሊንና ወገኖቹ ናቸው። ክላርኔት 3 ወይም 4 ነው። የተቀጠረ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ አንድ ቦታ ሲከፈት የሚወዳደረው ብዙ ነው። ፈተናው በብዙ አገር ከመጋረጃ ጀርባ ይሰጣል፤ ፈታኞቹ ተፈታኙ ወንድ ይሁን ሴት፣ ጥቁር ይሁን ነጭ አያዩም። መጀመሪያ የሞዛርትን ኮንቼርቶ መግቢያ ያስነፉታል፤ ቀላል ይመስላል፤ ስለዚህም ምንም አይደበቅበትም። ከዚያ ከታላላቅ ሲምፎኒዎች የተለዩ አስቸጋሪ ቦታዎችን ይጠይቁታል። ደቂቃዎች ናቸው። ዐሥር ዓመት የለፋ ሰው በዐሥር ደቂቃ ይመዘናል።

መጋረጃው ግን የሚጋርደው ፈተናውን ብቻ ነው። ዛቢነ ማየር የተባለች ጀርመናዊት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ የነበረው ካራያን ፈልጓት ገብታ ነበር። አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ 73 ለ4 አልተቀበሏትም። ድምፅዋ ከእኛ ጋር አይዋሐድም አሉ። በዚያን ጊዜ ኦርኬስትራው ሴት አባላትን መቀበል ገና መጀመሩ ነበር። እርሷ ለቃ ወጣችና በብቸኛ ተጫዋችነት ዓለምን ዞረች፤ ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ሉቤክ በሚገኘው የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስተማረች። የዛሬ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ከእርሷ እጅ የወጡ ናቸው።

ልጁ በቪዲዮ ያየው ሰው አንቶኒ ማክጊል ነው። ቺካጎ ተወለደ፤ በልጅነቱ አቅም ለሌላቸው ልጆች ሙዚቃ በሚያስተምር የከተማዋ ትምህርት ቤት ገባ። በ2014 የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ አንደኛ ክላርኔት ሆነ፤ በዚያ ኦርኬስትራ ታሪክ የአንድን መሣሪያ ክፍል የመራ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ2009ኙ የኦባማ ቃለ መሐላ ሥነ ሥርዓት ላይ ከተጫወቱት አራት ሙዚቀኞች አንዱ እርሱ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ጁሊያርድ ያስተምራል፤ ከዚያም በላይ በሙዚቃው ዓለም ዕድል ላላገኙ ሕፃናት የተዘጋጀውን የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም በኃላፊነት ይመራል። ልጅ ሆኖ የተቀበለውን ያንኑ መልሶ ይሰጣል።

«ከእኛስ ማን አለ?» አለኝ ልጁ። በዚህ ላይ ረጋ ብዬ መመለስ ነበረብኝ።

ነገሩ በተገላቢጦሽ ነው የጀመረው፤ አዲስ አበባ ራሷ ለሌሎች ውጭ አገር ነበረች። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የሙዚቃ ጓድ ያላቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አይተው 40ውን አመጡ፤ አርባ ልጆች የተባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አብሮ መጣ። በ1930ው ንግሥ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው እርሱ ነው፤ ግጥሙ ደግሞ የደብረ ኤልያሱ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከወንድሙ ልጅ ከኔርሴስ ናልባንዲያን እጅ ስንት የአዲስ አበባ ነፊ አለፈ! ለእነዚህ ሰዎች ሙያቸው ይህ ነበር፤ ከአገራቸው ርቀው መጫወትና ማስተማር። እኛ የትንፋሽ መሣሪያን ከእነርሱ እጅ ተቀበልን።

ከተቀበሉት አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1935 ይፋት ተወለደ፤ ክራርና ማሲንቆ ጀምሮ ወደ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ ክላርኔትና ሳክስፎን ተማረ። ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረገ፤ ሽለላን በሳክስፎን ነፋው። ሽለላ ጎጃም ላይ ለማንም አይነገርም፤ ድምፁ የሚሰበርበትን፣ የሚንቀጠቀጥበትን፣ ቁጣው የሚገነፍልበትን ቦታ ሕፃን ያውቃል። ያን ሁሉ በሪድ ለማውጣት ከንፈርን ማላላትና ማጥበቅ፣ ጉሮሮን መክፈትና መዝጋት ያስፈልጋል፤ መጽሐፍ አያስተምረውም። ከ2004 ጀምሮ ዘ ኤክስ የተባለው የኔዘርላንድ ባንድ እየጋበዘው አውሮፓን ዞረ፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብረው አሳተሙ። ያኔ ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር። የክላሲካል ተጫዋች አልነበረም፤ ቢሆንም ከቤቱ ያመጣውን ድምፅ ሳይለቅ ውጭ ወጥቶ መከበር እንደሚቻል አሳይቷል። በ2016 አረፈ።

በክላሲካሉ መንገድ እስከ መምህር ወንበር የሄደው አሸናፊ ከበደ ነው። በ1938 አዲስ አበባ ተወለደ፤ አሜሪካ ሮቼስተር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1962 ተመረቀ። ተመልሶ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። የእረኛውን ዋሽንት የሚያወሳ የኦርኬስትራ ሥራ ደረሰ፤ በ1967 የሃንጋሪን ብሔራዊ ኦርኬስትራ መራ። ኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሠራ፤ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ ብራንዳይስ፣ በመጨረሻም እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1998 ድረስ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። «ኮቱራሲያ» በሚባለው ሥራው የጃፓኑን ኮቶ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር አገናኝቷል። ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ የጻፈው መጽሐፍም የሚታወቅ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጥለት ትምህርት ቤቱን ነው። እርሱ ውጭ ሳለ እንኳ አዲስ አበባ ላይ የተከለው ጉባኤ ተማሪ ሲያወጣ ኖሯል።

ከዚያ ጉባኤ ከወጡት አንዱ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በ1967 የተወለደው ግርማ ክራር ይጫወት ነበር፤ ያሬድ ሲገባ ፒያኖን ያዘ፤ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ሄደ። ቡልጋሪያ ውስጥ ሥርዓቱ ሲለወጥ ትምህርቱ ተቋርጦበት ወደ ጣሊያን ተሻገረ፤ እንደገና ተመልሶ ጨረሰ። አገሩ ገብቶ ያሬድ ውስጥ ዓመታት አስተማረ፤ ሾፓንንና የራሱን ድርሰቶች ይዞ በውጭ መድረኮች ይጫወታል። መሣሪያው ፒያኖ ቢሆንም የክላርኔት ተማሪ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ፒያኖ ተጫዋች በአንድ ነገር ያርፋል፤ ብቻውን መድረክ ሊሞላ ይችላል። ክላርኔት ግን አጃቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ሰው ማግኘትን፣ ከሰው ጋር መስማማትን ከጣቱ እኩል መማር አለበት።

እንግዲህ ውጭ የሚኖር ክላርኔት ተጫዋች ሳምንቱ እንዴት እንደሚያልፍ ለልጁ ሣልኩለት። ጠዋት ረጅም ድምፅ ይይዛል፤ የድምፅ መሰላል ይወጣል ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄዶ ከ8 ዓመት ሕፃን እስከ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድረስ ተራ በተራ ያስተምራል። ማታ ከፍሉት፣ ከኦቦ፣ ከፋጎትና ከኮርኖ ተጫዋቾች ጋር ለአምስት የተጻፈ ሥራ ያጠናል። ቅዳሜ አንድ ኦርኬስትራ ሰው ታሞበት በምትክነት ይጠራዋል። እሑድ ወይ መድረክ አለው ወይ ሪድ ይሞርዳል። ቋሚ ደመወዝ ያለው ጥቂት ነው፤ ብዙው ይህን ሁሉ አጣምሮ ይኖራል። በዚህ ውስጥ ማስተማሩ በየወሩ የማይቀረው ገቢ ነው፤ ደግሞም እጁን ያስተካክልለታል። ለሕፃን «ትከሻህን አታንሣ» ሲል የራሱ ትከሻ ይወርዳል።

አሁን ወዳቆየሁት ነገር ልመለስ። ጀርመን አገር ብዙዎቹ የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ ስለዚህ ብዙ የሩቅ አገር ልጅ ወደዚያ ያያል። መግቢያ ፈተናውን ያለፈ ይማራል። ነገር ግን በጀርመን ኦርኬስትራ መቀጠር የሚፈልግ በጀርመኑ የቁልፍ አደረጃጀት መጫወት ይጠበቅበታል። በፓሪሱ አደረጃጀት የተማረ ሰው፣ ጣቱ ዐሥር ዓመት የለመደውን ትቶ እንደገና ይጀምራል ወይም ሌላ አገር ይፈልጋል። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ልጅ ተመርቆ ሲያበቃ በሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት መንገዱ የት እንደሚያደርስ መጠየቅ ያሻል።

እህቴ ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ቡናውን ይዛ ወጣችና «አንተ እንዲህ ስታወራለት ልጄ ሄዶ ቢቀርብኝስ?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። አባታችን ታላቅ ወንድማችንን ለቅኔ ሲሸኙ እናታችን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ያኔ አባታችን የመለሱትን መለስኩላት፤ መምህር ሆኖ ይመጣል አልኳት። አላመነችኝም፤ ስኒውን ግን ሞላችልኝ።

ለልጁ የሰጠሁት የቤት ሥራ ሦስት ነገር ነው። 12ኛን በደህና ይጨርስ፤ ያሬድ የሚቀበለው በመግቢያ ፈተና ነው፤ ጆሮና ምት ይፈተናል፤ ይህን በዋሽንቱ ሊዘጋጅበት ይችላል። ኖታ ማንበብ በስልኩ ይጀምር፤ ከፊደል አይከብድም። ሦስተኛው የጠዋቱ ረጅም ድምፅ ነው፤ ከብቶቹ ሲለቀቁ አንድ ድምፅ ይያዝ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይወርድ፣ በልቡ እየቆጠረ።

በማግስቱ ወደ ቡሬ የሚሄደውን መኪና ለመያዝ ማልጄ ስወጣ ከግጦሹ በኩል ዋሽንት ተሰማኝ። ዜማ አልነበረም። አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እስከ ዐሥራ አራት ቆጠርኩ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ወረደ። አቆመ፤ ተነፈሰ፤ እንደገና ጀመረ።